ዳግም የተሠሩት ጌሞች የድሮዎቹን ይተካሉ ወይ?

ባለ ሜሞሪ ካርድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ሰሞኑን ቤታችን ፕሌይስቴሽን 5 ገብቷል። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው ታናሽ ወንድሜ እስካሁን ጌም የሚያውቀው በስልኩ ብቻ ስለነበር፣ እኔ በልጅነቴ የምወዳቸውን ጌሞች እንዳሳየው ጠይቆኛል። ጥያቄው በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ይሁን እንጂ ከየትኛው እንደማስጀምረው ለመወሰን ስለተቸገርኩ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው።

ላሳየው የምፈልጋቸው ጌሞች ሦስት ናቸው። ሦስቱንም የተጫወትኳቸው በፕሌይስቴሽን 2 ሲሆን፣ ሦስቱም በቅርብ ዓመታት በአዲስ መልክ ወጥተዋል። ሳይለንት ሂል 2 በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ በ2024 ብሉበር ቲም የተባለ የፖላንድ ስቱዲዮ ዳግም ሠርቶታል። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የ2004 ሥራ ሲሆን፣ በ2021 ከጂቲኤ 3 እና ከቫይስ ሲቲ ጋር አንድ ላይ ታድሶ ቀርቧል። የ2005ቱን ሬዚደንት ኢቪል 4 ደግሞ የመጀመሪያው ሠሪ ካፕኮም ራሱ በ2023 ከመሠረቱ ጀምሮ እንደገና ገንብቶታል።

ሦስቱንም አዳዲስ እትሞች ተጫውቻቸዋለሁ፤ የተሰማኝ ስሜት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በአዲሱ ሳይለንት ሂል 2 ውስጥ የማውቀውን ከተማ ከነፍርሃቱ አገኘሁት። አዲሱ ሬዚደንት ኢቪል 4 እጅግ ግሩም ሥራ ቢሆንም የድሮው ያሳድርብኝ የነበረውን ጭንቀት ግን አላሳደረብኝም። የታደሰው ሳን አንድሪያስ ከሁሉም የከፋ ሆነብኝ፤ ባለታሪኩ ሲ ጄይም፣ ሰፈሩ ግሮቭ ስትሪትም፣ መንገዶቹም እያንዳንዳቸው በቦታቸው እያሉ አገሩ ያ አገር አልመስልህ አለኝ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ስሜት ‹‹ትዝታ ነው›› ብሎ ያልፈዋል። ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በሦስቱም ላይ በእኩል መጠን ይሰማኝ ነበር፤ ምክንያቱም ሦስቱንም የተጫወትኳቸው በአንድ የዕድሜ ክልል፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቴሌቪዥን ነው። ስሜቴ ከጌም ጌም ከተለያየ ልዩነቱ ከሥራው የመጣ መሆን አለበት። ስለዚህ አንዱን ዳግም ሥራ የተሳካ፣ ሌላውን ደግሞ የማይተካ የሚያደርገው ምን ይመስላችኋል? ወንድሜንስ ከድሮው ላስጀምረው ወይስ ከአዲሱ?

ሌሊት ተጫዋች

ሰላም ወንድሜ። ‹‹ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሦስቱም ላይ እኩል ይሰማኝ ነበር›› ያልከው ትክክለኛ ክርክር ነው፤ እኔም በዚሁ ልጀምር። በእኔ እምነት በሳን አንድሪያስና በሳይለንት ሂል 2 መካከል ያየኸው ልዩነት ምንጩ ጭጋግ ነው።

የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ሦስት ከተሞችን፣ በረሃን፣ ጫካንና ተራራን የያዘ ግዛት በዚያች ሜሞሪ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስለማይገባ፣ ማሽኑ አንተ መኪና ስትነዳ ከፊትህ ያለውን ሰፈር ከዲቪዲው እያነበበ፣ ከኋላህ የቀረውን ደግሞ እየጣለ ይሄዳል። ሩቁን የሚሸፍነው ጭጋግና ብርቱካናማ ጠለል ይህ ሥራ ለዓይን እንዳይጋለጥ ይጋርደዋል። የጌሙ ሠሪዎች የሮክስታር ሠራተኞች ግን በዚህ መጋረጃ ምክንያት ትልቅ ነገር አገኙ። ታሪኩን አስታውስ፦ ሲ ጄይ በፖሊሶቹ ታፍኖ ከሰፈሩ ይወሰድና አንጄል ፓይን የምትባል የገጠር መንደር አጠገብ ይጣላል። ከመንደሯ በላይ የቺሊያድ ተራራ አለ። እዚያ ወጥተህ ወደ መጣህበት አቅጣጫ ስትመለከት የምታየው ጠለል ብቻ ነው፤ የሲ ጄይ ከተማ ሎስ ሳንቶስ የት እንዳለች አይታወቅም። ከቤቱ የተባረረ ሰው ርቀት የሚሰማህ ከንግግሩ ይልቅ ከዚህ እይታ ነው።

በ2021 የወጣው እትም አንሪል ኢንጂን 4 በተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ሲሠራ ያ መጋረጃ ተነሣ። ማሽኖቹ ሩቁን የመሳል አቅም ስላላቸው ሩቁ ተሣለ። በአውሮፕላን ከፍ ስትል ከተሞቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታዩ፤ በልጅነታችን ማለቂያ የሌለው የመሰለን አገር በአንድ እይታ የሚያልቅ ደሴት ሆነ። ካርታው ስንዝር አልተቀነሰም፤ የጠፋው ርቀቱ ነው። አገሩ ያ አገር አልመስልህ ያለህ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በእርግጥ ሌላም ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ዝናቡ መንገዱን የሚጋርድ ነጭ ጭረት ሆኖ ነበር፣ ምስሎቹ በኮምፒውተር ፕሮግራም ተስለው በመውጣታቸው በሱቆች ሰሌዳ ላይ ያሉ ጽሑፎች ፊደላቸው ተሳስቶ ታይቷል። ሮክስታር በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በይፋ ይቅርታ ጠይቆ፣ ከሽያጭ አንሥቷቸው የነበሩትን የድሮዎቹን የፒሲ እትሞች መልሷል። በኅዳር 2024 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ የድሮውን ብርሃንና ሰማይ ከነጭጋጉ የሚመልስ ምርጫ ተጨምሯል። ሦስት ዓመት ዘግይቶ የተመለሰው ያ ጭጋግ ለእኔ የክርክሩ ማስረጃ ነው።

ወደ ሳይለንት ሂል ስንመጣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። በ1999 በወጣው በመጀመሪያው ጌም ጭጋጉ የፕሌይስቴሽን 1ን ድክመት መሸፈኛ ነበር። በሁለተኛው ጌም ግን ቲም ሳይለንት የተባሉት የኮናሚ ሠራተኞች ጭጋጉን የታሪኩ አካል አድርገውታል፤ የሞተች ሚስቱ ደብዳቤ ደርሶት ወደ ከተማዋ የመጣው ጄምስ የማያየውን ነገር አንተም አታየውም። በጌሙ መጀመሪያ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ከተማው በጫካ መካከል የሚወርደውን ረጅም መንገድ አስታውስ፤ አንድም ጭራቅ አይመጣብህም፣ የእግርህን ኮቴ ብቻ እየሰማህ ትወርዳለህ። ሌላም የምወደው ነገር አለ። የድሮው ጌም ‹‹እዚህ ዕቃ አለ›› የሚል ምልክት በስክሪኑ ላይ አያወጣም፤ ይልቁንም ጄምስ በቁልፍ ወይም በመድኃኒት አጠገብ ሲያልፍ አንገቱን ወደ ዕቃው ዘወር ያደርጋል። ተጫዋቹ ዕቃውን የሚያገኘው የሰውየውን ፊት በማየት ነው።

በ2012 ይህንኑ ጌም ለማደስ ሲሞከር አዳሾቹ የተረከቡት ያላለቀ ኮድ ነበር፤ የመጨረሻው አልተቀመጠም ነበርና። ጭጋጉ ሳሳ፤ የቶሉካ ሐይቅ ውኃ የት እንደሚያበቃ፣ ጠርዙ ሳይቀር ታየ። ብሉበር ቲም በ2024 የሠራው ግን 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ላለው ማሽን ነው። ጭጋጉን የሚያስገድድ ምንም ምክንያት አልነበረም፤ ሆኖም ጠበቁት፤ እንዲያውም ወፍራምና የሚንቀሳቀስ አደረጉት። የጭራቆቹን መልክ የነደፈው ማሳሂሮ ኢቶና ሙዚቃውን የደረሰው አኪራ ያማኦካ በዳግም ሥራውም ላይ መሳተፋቸው ብዙ ረድቷል ብዬ አምናለሁ። ቅሬታ ካለኝ በርዝመቱ ላይ ነው፤ ውጊያው በዝቶ፣ የሆስፒታሉና የእስር ቤቱ ክፍሎች ከሚገባው በላይ ተለጥጠዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄህን እንዲህ እመልሳለሁ፦ የተሳካ ዳግም ሥራ የድሮው ማሽን ያስገደደው ነገር ለጌሙ ምን ይሠራለት እንደነበር የተረዳ ነው። ወንድምህን ግን በተቻለ መጠን ከድሮው አስጀምረው።

ቀስተ ደመና

ጤና ይስጥልኝ። ሌሊት ተጫዋች ስለ ጭጋጉ የጻፈው በሙሉ ያስማማኛል፤ ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን የድሮው ገደብ ሁሉ ጥበብ ነበር ወደሚል እምነት እንዳንሄድ እሰጋለሁ። ጠያቂው ወንድማችን መሐል ላይ ያስቀመጠው ሬዚደንት ኢቪል 4 ይህን በደንብ ያሳያል፤ እኔም ሁለቱንም እትሞች ደጋግሜ የጨረስኳቸው ስለሆነ በዚህ ላይ የምለው አለኝ።

ያጣኸው ጭንቀት ከየት እንደመጣ ማሳየት ይቻላል። በ2005ቱ ጌም ባለታሪኩ ሊዮን መሣሪያውን አንዴ ካነሣ አንዲት እርምጃ መራመድ አይችልም። ለመተኮስ መቆም አለበት፤ ለመሸሽ ደግሞ መሣሪያውን ማውረድ አለበት። በመጀመሪያው መንደር ውስጥ ይህ የሚፈጥረውን አስቡት፦ የሞተር መጋዝ ድምፅ ከቤቱ ጀርባ ይነሣል፣ ፊቱን በጆንያ የሸፈነው ሰው ብቅ ይላል፣ አንተ ጉልበቱን ለመምታት በቆምክባት ቅጽበት መጥረቢያ የያዘ ሌላ መንደርተኛ ከካሜራው ውጭ በጎንህ እየመጣ ነው። መንደርተኞቹ የተሠሩትም ለቆመ ተኳሽ ነው፤ ከሩቅ ሮጠው ይመጡና ሲቀርቡህ እርምጃቸውን ያዘገያሉ። ያቺ የመዘግየት ጊዜ ለማነጣጠር የተሰጠችህ ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደውሎ ሁሉም ጥለውህ እስኪሄዱ ድረስ እያንዳንዱ ተኩስ ‹‹ልቁም ወይስ ልሩጥ?›› የሚል ውሳኔ ነው። የጌሙ ዳይሬክተር ሺንጂ ሚካሚና ባልደረቦቹ ካሜራውን ከትከሻ በስተኋላ በማድረግ የዘመኑን ተኩስ ጌሞች መልክ ለወጡ፤ ነገር ግን ከእነርሱ የተማሩት በኋላ የመጡ ሥራዎች አብዛኛዎቹ እየተራመዱ መተኮስን ፈቀዱና ያ ውሳኔ ጠፋ።

የ2023ቱ ቡድን ይህን ሳያስተውል ቀርቷል ብዬ አላምንም። ሊዮን እየተራመደ እንዲተኩስ ሲፈቅዱ ሌላውን ሁሉ አብረው ለወጡት፤ ስትራመድ ማነጣጠሪያው ይሰፋል፣ ጭንቅላቱን የመታኸው መንደርተኛ ሁልጊዜ አይንገዳገድልህም፣ ሲከቡህም አይዘገዩም። የሞተር መጋዙን ሳይቀር በቢላዋ መመከት ትችላለህ፤ ቢላዋው ግን እየተበላ ሄዶ ይሰበራል። ስለዚህ ‹‹ልቁም ወይስ ልሩጥ?›› የሚለው ጥያቄ ‹‹ቢላዋዬን አሁን ልጨርስ ወይስ ላቆይ?›› በሚል ተተካ። ጭንቀቱ አለ፤ ቦታውን ቀይሯል። ፕሮፌሽናል በሚባለው ደረጃ ሞክረው፤ ጌሙ በራሱ ሴቭ አያደርግልህም፣ ምከታውም የሚሠራው ፍጹም በሆነ ሰዓት ከተጫንክ ብቻ ነው።

ከድሮው የተጣለውስ? እኔ አንዱም አይቆጨኝም። ፊልም እያየን በድንገት ‹‹ይህን ቁልፍ ተጫን›› የሚለው፣ ካልተጫንን ደግሞ የሚገድለን ነገር ከጌሙ መውጣቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ከጠላቱ ከክራውዘር ጋር የሚደረገው የቢላዋ ግጥሚያ በድሮው ሙሉ በሙሉ እንዲህ ያለ ቁልፍ የመጫን ፈተና ነበር፤ በአዲሱ በእጃችን የምንዋጋው እውነተኛ ውጊያ ሆኗል። ሊዮን ሊያድናት የመጣው አሽሊ በድሮው የራሷ የጤና መለኪያ ነበራት፤ እርሷን ማከም የተጫዋቹ ዕዳ ነበር። በአዲሱ ስትወድቅ ታነሣታለህ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትናገረውና የምታስበው ነገር ያላት ሰው ሆናለች። ለእኔ ይህ ከግራፊክሱ ይበልጣል።

ለወንድምህ የምመክረው ከ2023ቱ እንዲጀምር ነው። አዲስ ተጫዋች ከድሮው ቢጀምር የመጀመሪያዎቹን ሰዓቶች ከመንደርተኞቹ ጋር ሳይሆን ከጆይስቲኩ ጋር ሲታገል ነው የሚያሳልፈው።

ሌሊት ተጫዋች

እህታችን ቀስተ ደመና ስለ ክራውዘርና ስለ አሽሊ ያለችው ትክክል ነው፤ እነዚያን ማንም አይናፍቃቸውም። የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከአዲሱ የጀመረ ሰው ወደ ድሮው ሲመለስ የሚያየው የጎደለውን ብቻ ነው፤ ‹‹ለምን አይራመድም?›› ብሎ ይዘጋዋል። ከድሮው የጀመረ ግን ቆሞ መተኮስን እንደ ጌሙ ሕግ ይቀበለዋል፤ በኋላም አዲሱን ሲከፍት የተለወጠው ምን እንደሆነና ለምን እንደተለወጠ በእጁ ያውቀዋል። አንቺ ራስሽ የጻፍሽውን ልዩነት ልትጽፊው የቻልሽው መጀመሪያ የድሮውን ስላወቅሽ ነው።

ለናፍቆት ሲባል ዳግም ሥራ ብቻ መፈለግ የለብንም የሚል ሐሳብም አለኝ። የድሮውን ገደብ ተረድተው አዲስ ነገር የሚፈጥሩ ሥራዎች አሉ። በ2022 የወጣው ሲግናሊስ ሁለት ሰዎች ያሉበት የጀርመን ስቱዲዮ ሥራ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ስድስት ዕቃ ብቻ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ያች ስድስት ቦታ የምትፈጥረውን ፍርሃት ብዙ ሠራተኛ ያላቸው ስቱዲዮዎች አላገኙትም። ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33 ደግሞ ተራ በተራ የመዋጋትን የድሮ ሥርዓት ወስዶ፣ የጠላትን ምት በትክክለኛው ቅጽበት መመከትን ጨመረበትና በ2025 የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ወንድምህ ሦስቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ እነዚህ ውሰደው።

ሁለተኛው ጆይስቲክ

ሰላም ለቤቱ። ውይይቱን በደስታ ነው ያነበብኩት፤ ነገር ግን ዝርዝራችሁ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወታቸው ናቸው። ጠያቂው ወንድማችን ወንድሙን ጎን አስቀምጦ ‹‹ተመልከት›› ሊለው ካልሆነ በቀር፣ የእኛ ትውልድ ጌምን የተማረበትን መንገድ አያሳየውም። አብዛኞቻችን ጌም የተማርነው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ፣ በጨዋታ ሒሳብ እየከፈልን፣ የተሸነፈ እየተነሣ፣ ተራ የሚጠብቀው ከኋላ ቆሞ እየተቸ ነው።

ስለዚህ በ2006 የወጣውን ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ልጨምር። የኢንተሩ አድሪያኖ በግራ እግሩ ከሃያ አምስት ሜትር ሲመታ ክፍሉ በሙሉ ጎል ከመግባቱ በፊት ይጮህ ነበር፤ አንዳንድ ቤት አድሪያኖን መያዝ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ማስተር ሊግን (ክለብ ይዘው በየውድድር ዘመኑ የሚመሩበትን ክፍል) የጀመረ ሁሉ ካስቶሎን፣ ሚናንዳንና በረኛውን ኢቫሮቭን ያውቃል፤ በዓለም ላይ የሌሉ ተጫዋቾች ናቸው፤ እነርሱን ይዞ ዋንጫ መውሰድ ግን የሚያኮራ ነበር። የጌሙ ጥንካሬ በኳሷ ላይ ነው፤ ኳስ ከተጫዋቹ እግር ጋር አልተጣበቀችም፤ የተሳሳተ ጊዜ ላይ ከዞርክ ታመልጥሃለች፣ የሰጠኸው ኳስ ከረዘመ ይወጣል። ዛሬ ከፍቼው ስጫወት ያ ሚዛን አሁንም እንዳለ አያለሁ።

እንዲህ ያለው ጌም ግን ዳግም ተሠርቶ ሊመጣ አይችልም፤ ምክንያቱም የእግር ኳስ ጌም በየዓመቱ በሌላ ይተካል እንጂ አይታደስም። የክለቦችና የተጫዋቾች ስም ፈቃድ ሲያበቃ ከመደብርም ይነሣል፤ የፊፋ ጌሞች ሠሪ የነበረው ኢኤ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ በ2023 ኤፍሲ 24ን ሲያወጣ የፊፋ ጌሞቹን ከኢንተርኔት መደብሮች አንሥቷቸዋል። የፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ሠሪ ኮናሚም በ2021 የድሮውን ስም ጥሎ በነጻ የሚወርደውን ኢፉትቦል ሲጀምር፣ ጌሙ ገና በመጀመሪያው ቀን በጉድለቱ ብዛት የተጫዋቾችን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። በአሁኖቹ ውስጥ ባለው አልቲሜት ቲም በሚባለው አሠራር ደግሞ ቡድንህን የሚወስነው ችሎታህ ብቻ ሳይሆን በካርድ ላይ የምታወጣው ገንዘብም ነው። ቤልጅየም ይህን ከቁማር ቆጥራ ስለከለከለችው ኢኤ ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ የጌሙን ገንዘብ እዚያ መሸጥ አቁሟል። እኔ ውሳኔዋን እደግፋለሁ፤ ሁለት ጓደኛሞች እኩል ሆነው የሚጀምሩበት ግጥሚያ የዚህ ጌም ዋና ነገር ነውና።

ፕሌይስቴሽን 5 ላይ አብራችሁ መቀመጥ ከፈለጋችሁ ግን መንገድ አለ። ኢት ቴክስ ቱ በ2021፣ ስፕሊት ፊክሽን በ2025 በአንድ የስዊድን ስቱዲዮ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱንም ያለ ሁለተኛ ሰው መጫወት አይቻልም። አንድ ሲዲ፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ሶፋ ይበቃል።

ዕቃ ጠጋኝ

እኔ የምጽፈው ስለ መሣሪያው ነው፤ ምክንያቱም ‹‹ከድሮው ጀምር›› ማለት ቀላል ሲሆን ድሮውን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

ፕሌይስቴሽን 5 የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎችን ያጫውታል፤ የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ ግን አያነብም። ከሦስቱ ጌሞች በቀላሉ የምታገኘው የ2005ቱን ሬዚደንት ኢቪል 4 ነው፤ በ2016 ለፕሌይስቴሽን 4 ስለወጣ በአዲሱ ማሽንህ ላይ ይሠራል። የድሮው ሳይለንት ሂል 2 በፕሌይስቴሽን 5 ላይ የለም። ከሁሉ የተሻለው የፒሲው እትም ነው፤ ተጫዋቾች በራሳቸው ተነሣሽነት ኢንሃንስድ ኤዲሽን ብለው ለዓመታት ሲጠግኑት ቆይተዋል፤ ጭጋጉንና ድምፁን ወደ ፕሌይስቴሽን 2 ደረጃ መልሰውታል። ኦሪጅናሉን ሲዲ ማግኘት ግን ፍለጋ ይጠይቃል። የድሮው ሳን አንድሪያስም በፒሲ ነው የሚሻለው።

አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ካላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በመጀመሪያ የሚደክመው ሲዲ የሚያነበው ሌንስ ነው፤ ሳን አንድሪያስ እየተነዳ መንገዱ ባዶ ሆኖ ከታየ ወይም ሕንፃዎች ዘግይተው ብቅ ካሉ ሌንሱ እየለመነህ ነው ማለት ነው፤ ጌሙ ከሲዲው ሳያቋርጥ ስለሚያነብ ከሌሎች ይልቅ እርሱ ላይ ቶሎ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ማሽኑን በቀጥታ ከዛሬ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጋር ብታገናኘው ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጠርዙም ይንቀጠቀጣል። ያ ምስል የተሠራው ጀርባው ወፍራም ለሆነው ለድሮው ቴሌቪዥን ነው፤ በእርሱ ላይ መስመሮቹ ይዋሐዳሉ፣ ጨለማውም ጨለማ ይሆናል። የድሮው ጌም ‹‹ግራፊክሱ አስቀያሚ ነው›› የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያየው በማይገባው ስክሪን ላይ ነው።

ይህ የግል ችግር ብቻም አይደለም። የቪዲዮ ጌም ታሪክን ለመጠበቅ የተቋቋመ የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ እንደማይገኙ አስታውቋል። ዳግም የሚሠሩት ስማቸው ገንዘብ የሚያመጣ ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለውን ኦሪጅናል ሲዲ አትጣሉ፤ ከፀሐይ አርቁት፣ በጨርቅ ስትጠርጉትም ከመሐል ወደ ዳር እንጂ ዙሪያውን አትጥረጉት።

ባለ ሜሞሪ ካርድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ለማድረግ ወስኛለሁ፦ ሬዚደንት ኢቪል 4ን ከ2005ቱ እንጀምርና ግንቡንና ደሴቱን ሳይሆን መንደሩን ብቻ ይጫወት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ 2023ቱ እናልፋለን። በዚህ ሌሊት ተጫዋችም ቀስተ ደመናም የሚሉትን በአንድ ቅዳሜ ማየት ይቻላል። ሳይለንት ሂል 2ን ከአዲሱ ይጀምራል፤ የፒሲውን ሲዲ እስካገኝ ድረስ። ኢት ቴክስ ቱንም አዝዣለሁ።

የቀረኝ ሳን አንድሪያስ ነው። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር የትምህርት ስለሆነ ጌም አይጫንበትም። የ2024ቱ ማሻሻያ በፕሌይስቴሽን 5 ላይም ወጥቷል? ከወጣስ የመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋች ይበቃዋል ትላለህ?

ሌሊት ተጫዋች

አዎ፣ ማሻሻያው ለፕሌይስቴሽንም ወጥቷል። ማሽኑን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተህ ጌሙን አሻሽለው፤ ከዚያ ከጌሙ ማስተካከያ ገብተህ የድሮውን የብርሃን ምርጫ አብራው፤ በራሱ ላይበራልህ ይችላል። ይህን ካደረግህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋች ይበቃዋል ብዬ በእርግጠኝነት እነግርሃለሁ። ፊቶቹ አሁንም እንደ ድሮው አይደሉም፣ ከሬዲዮውም በፈቃድ ምክንያት የወጡ ዘፈኖች አሉ፤ ርቀቱ ግን ተመልሷል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ግራ፣ ቀኝ፣ ኤል 1፣ ኤል 2፣ አር 1፣ አር 2፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ የሚለውን፣ በጀርባ ተሸክሞ የሚያበርረውን መሣሪያ የሚያወጣ ኮድ እንደምታውቀው አልጠራጠርም። አንጄል ፓይን ደርሶ፣ ከዚያ በራሱ መኪና ነድቶ ሁለተኛዋ ከተማ ሳን ፊዬሮ እስኪገባ ድረስ አትንገረው። መንገዱን በምድር ይሂደው።